የፕላስቲክ አበባ ያወደ ዕለት

መሠረት የኔነሽን በቅጡ አታውቃትም፤ ይህን ራሷም አትክድም። ለዓመታት በአንድ ጉባኤ አብረው ዘምረዋል፤ ከዚያ ያለፈ የምታውቀው ጥቂት ነው። የኔነሽ እዚህ ጀርመን አገር፣ ኖርድኤንድ በሚባል ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ታጥባለች። አገልግሎት ሲያልቅ ከሁሉ ቀድማ ትወጣለች። ከከተማው ዳር ሽቫንሃይም በተከራየችው ጓሮ ትንሽ የመስታወት ቤት አላት፤ እዚያ ጀርመኖች ናርትሲሰ የሚሉትን አበባ ታበቅላለች። የሌላው ሰው ናርትሲሰ በፀደይ ይፈካል፤ የእሷ ግን ሰማዩ አመድ በሚመስልበት በገና ሰሞን። ለምን እንደምትደክምበት የጠየቃት ሁሉ ያተረፈው ፈገግታዋን ብቻ ነው።

መሠረት የጉባኤው መድረክ አስጌጭ ናት። አዳራሹ የኪራይ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ገብተው ሳይመሽ ለቀው ይወጣሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ብልሃት ፈጠረች፦ በከረጢት ተጠቅልሎ የሚገባ፣ ተጠቅልሎ የሚወጣ የፕላስቲክ አበባ። ሁሉም አመሰገናት። የኔነሽ ብቻ ጠጋ ብላ፣ "የማይሞት ነገር መቼ ኖሮ ያውቃል?" ብላ ሹክ አለቻትና ካፖርቷን ደርባ ወጣች። ነገሩ በመሠረት ጉሮሮ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረ።

በገና እሁድ፣ ጸሎቱ ሲግል፣ ከመድረኩ በኩል መዓዛ መጣ። ስስ ነው፤ ያዝኩት ሲሉት ይሸሻል። መጀመሪያ ሽማግሌው ጋሽ ሀይለየሱስ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ቀጥሎ ማይክ ይዛ የማታውቀው ዝምተኛዋ ለተስላሴ ተነስታ የጌታ መዓዛ እንደጎበኛት እያለቀሰች መሰከረች። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፕላስቲክ አበባ አወደ ተባለ። እጇ የተባረከ ነው እየተባለ መሠረት ትከሻዋ እስኪዝል ታቀፈች። ጋሽ ሀይለየሱስም በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ወጥታ እንድትመሰክር ቀጠሮ ያዙላት። እሷም በልቧ ቀሚስ መምረጥ ጀምራ ነበር።

ዕቃ ስታነሳ ግን እጇ ሸክላ ነካ። ማሞቂያው አጠገብ፣ ከፕላስቲኩ መሀል ትንሽ ማሰሮ ተሸጉጣለች። ላይዋ ላይ እንደ ሕፃን ቀሚስ የተነፉ ነጫጭ አበቦች አሉ፤ አንገታቸው በሙቀቱ ዝሏል። የኔነሽ ያን ዕለት ወንበር ልደርድር ብላ ቀድማ መምጣቷ ትዝ አላት። የቀረውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መሠረት ተጨነቀች። ብትናገር የለተስላሴ እንባ መሳቂያ ሊሆን ነው። ዝም ብትል ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ልትዋሽ ነው። ማሰሮዋን በሻርፕ ጠቅልላ በማግሥቱ ሽቫንሃይም ወረደች።

የመስታወት ቤቱ ብርድ ከውጭው አይተናነስም። የኔነሽ ካፖርቷን እንደ ለበሰች፣ መስኮቶቹን በርግዳ፣ ሸክላዎቿን እስከ አንገታቸው አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። መሠረት በሩን ልትዘጋ ስትል ከለከለቻት። ጣሪያው ለዝናብና ለከባድ ውርጭ እንጂ ለሙቀት አይደለም፤ አየር ያጣ አበባ ይሻግታል፣ የሞቀው ደግሞ ያለ ልክ ረዝሞ ይወድቃል አለቻት። ከዚያ ማሰሮዋን ተቀብላ የዛሉትን አንገቶች በጣቷ ደገፍ አደረገች።

"አበባሽን ሃይትሱንጉ፣ ማሞቂያው ሥር ነው እንዴ የምትደረድሪው?"

"ፕላስቲክ ምን ይሆናል ብዬ ነዋ።"

"የኔን ግን ቀቀልሽው።"

መሠረት ንዴቷን ዋጥ አድርጋ እሁድ ምን ብላ እንደምትመሰክር ጠየቀቻት።

"የሸተተሽን።"

"የሸተተኝ አበባ ነው፣ የኔነሽ።"

"ታዲያ ለተስላሴ ዋሸች? አበባውን እኔ ፈጠርኩት?"

መሠረት ሳቋ አመለጣት። ስቃ ስታበቃ ለእሁዱ ቆረጠች፦ ፕላስቲኩ ሳይሆን ሕይወት ያለው አበባ እንደነበር ትናገራለች፤ የለተስላሴን እንባ ግን አትነካም። የከነከናት አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

"እውነቱን ንገሪኝ። ያመጣሽው ልታሾፊብኝ ነው ወይስ መድረኬን ልታሳምሪልኝ?"

የኔነሽ ማሰሮዋን አሸዋው ውስጥ አመቻችታ ተከለች።

"እሱንስ አልነግርሽም" አለች።