የአየር ለውጥ

ትናንት ከጎረቤት ሬዲዮ አንድ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ በአንዱ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ለምን እንደሚበዛ ሲያብራራ ሰማሁ። ስለ ሙቀት አወራ፣ ስለ አቧራ አወራ። እኔ ጆሮ ውስጥ የቀረው ግን የአባቴ ሳል ነው።

በንጉሡ ጊዜ አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ኩሊ ነበር። ደቻቱ ወንዝ ዳር አንድ ክፍል ውስጥ ተደራርበን እንተኛለን። አከራያችን አንዱን ቤት ለሁለት ሲከፍለው መስኮቱ ለጎረቤት ደረሰ፤ የእኛ ክፍል ያለ መስኮት ቀረ። ወንዙን ሲሻገሩት የሀብታሞቹ ሰፈር ከዚራ ነው፤ እዚያ ውሻው እንኳ ጥላ አለው።

አባቴ ሳሉ ሲጠናበት የጤና ጣቢያው ድሬሰር አየውና እናቴን "የአየር ለውጥ ያስፈልገዋል" አላት።

"ከየት አምጥቼ ልለውጥለት ጌታዬ?"

"ሐረር ወይ አለማያ ይክረም። የከዚራ ሰዎች ሲታመሙ እንዲያ ነው የሚያደርጉት።"

እናቴ ሐረርን የምታውቃት በስም ነው። ቤት እንደገባን የአባቴን አልጋ ከግራው ግድግዳ ወደ ቀኙ ጎተተችው፤ የእኛን የልጆቹን ሰሌን ደግሞ እሱ በለቀቀው ቦታ አነጠፈችው።

"ይኸው፣ አየር ለወጥንልህ" አለችው።

"አቦ፣ በቃ ሐረር ገባሁ!" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። እኛ ልጆቹ ጨዋታ መስሎን አብረን ሳቅን።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ። በዓመቱ ታናሽ እህቴም እንደሱ ስታስል ከርማ ተከተለችው።

ስለ መስኮት ለእናቴ የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። "የማይሆን ግድግዳ መርጬለት ነው" እያለች ራሷን ስትረግም ኖራ ሞተች።