ካሸነፍን ትወጫለሽ

አባቴ የዳማ ሰው ነው። ገላን፣ በሚሠራበት መጋዘን በር ላይ፣ የምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ከጥበቃዎቹና ከጭነት ሾፌሮቹ ጋር በቆርኪ ዳማ ሲጫወት ጩኸቱ ማዶ ይሰማል ይባላል። ቼዝ ግን አያውቅም፤ ቼዝ የማውቀው እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤታችን ክበብ ውስጥ ወንዶቹን አንድ በአንድ አንበርክኬ ልቤ ያበጠ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ በዚያ የማስተር ፕላን ግርግር ሰሞን አባቴ አሮጌውን ኮምፒውተር እያሳየኝ «እሱን አብረን ካሸነፍን ትወጫለሽ» ሲለኝ፣ ከነገ ወዲያ አስፋልት ላይ ነኝ ብዬ ደመደምኩ።

እኛ ቡራዩ ነን፤ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ። ያኔ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ኢንተርኔት ጠፍቷል፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ይውላል፤ አባቴም ገላን ድረስ መሄጃ አጥቶ ቤት ቀርቷል። የክፍሌ ልጆች አስፋልት እየወጡ ይቃወማሉ። እኔም አንዴ አብሬያቸው ወጣሁ። ጭሱ ሲመጣ ሮጥኩና ጓደኛዬ ቤት ተደብቄ ውዬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሟል። አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም፣ የት ነበርሽም አላለኝ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣና ገብቶ ተኛ።

በማግስቱ በደንብ ተጣላን።

«ሰበታ ያለው የአያቴ እርሻ የታጠረ ጊዜ እህል አልቀምስም ያልከው አንተ አይደለህም?» አልኩት።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ሁኚ ነው የምትለኝ?»

«ተቃውሞውን መች ጠላሁ? እኔ የጠላሁት አንቺ አስፋልት ላይ መቆምሽን ነው።»

«እና እዚህ ተጎልቼ ልዋል?»

ኮምፒውተሩን ያሳየኝ ያን ጊዜ ነው። ከመጋዘኑ ሊጣል ሲል ያመጣው፣ ሲነሳ እንደ አስም በሽተኛ የሚተነፍስ እቃ ነው። ቼዝ አለው። ውላችን ይሄ ሆነ፦ እኔና እሱ በአንድ ወገን፣ ኮምፒውተሩ በሌላ ወገን። አንድ ጊዜ እኔ አንቀሳቅሳለሁ፣ አንድ ጊዜ እሱ። ደረጃው መሃል ላይ ይሁን አለ፤ ሕፃን ማሸነፍ አያኮራም አለ። ካሸነፍን ጓደኛዬን ይዤ ብወጣ አይይዘኝም።

«ማልልኝ» አልኩት።

«በእናትሽ።»

እናቴ ካረፈች ወዲህ በእሷ ምሎ አያውቅም። ዓይኔን ሳላሽ አመንኩት።

አቤት የአባቴ አጨዋወት። ማውሱን እንደ ቆርኪ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ያጮኸዋል። ኮምፒውተሩ ትንሽ ካሰበ «ላብ በላብ አደረግነው» ይለኛል። «ና እንጂ፣ አንተ ባለገመድ፣ ማን ነክቶህ ነው» እያለ ይሳደባል። እኔ በስንት ልፋት አንዱን ፈረስ አውጥቼ ደህና ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ተራው ሲደርስ እሱ ንግሥታችንን ብድግ ያደርግና ወስዶ የጠላት ግንብ አፍ ውስጥ ይከታታል።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ላበላው ነው። አንዷን አብልቼ ሦስቷን እለቅማለሁ።»

«ይሄ ዳማ አይደለም።»

«መብላት መብላት ነው፣ የኔ እናት።»

ንግሥቲቱን እንዲህ ሲበትናት ወታደሮቹን ግን ንክች አያደርግም። እኔ ካላነሳኋቸው ከተደረደሩበት ፈቀቅ ሳይሉ ጨዋታው ያልቃል። ለምን አንዱን አታራምድም ስለው «ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው ይቀመጡ» አለኝ። ልስቅ ብዬ ንዴቴ መለሰኝ።

ጠዋት እንሸነፋለን፣ ከምሳ በኋላ እንሸነፋለን። ጓደኛዬ በየቀኑ መጥታ የቆርቆሮ በራችንን ታንኳኳለች።

«አሸነፋችሁ?»

«አላሸነፍንም።»

«አባትሽ ሙድ እየያዙብሽ እንዳይሆን» ትለኝና ብቻዋን ትሄዳለች። እኔ በሩን በንዴት ዘግቼ እመለሳለሁ፤ አባቴ ወንበሬን ስቦ፣ እጁን እያሻሸ «ዛሬ አይለቀንም፣ ዛሬ የሱ ቀብር ነው» እያለ ይጠብቀኛል። አንዳንዴ ብድግ ብዬ ብሄድስ እላለሁ። ግን ውል ነዋ። ደግሞ በእናቴ ነው የማለው።

እንዲህ ስንል አንድ ጠዋት ተአምር ተፈጠረ። አባቴ እንደ ልማዱ ንግሥታችንን ወስዶ አስበላት። ኮምፒውተሩ እሷን ለመብላት ግንቡን ከመጨረሻው መስመር አነሳ። እኔ መሳደብ ጀምሬ መሃል ላይ አፌ ተከፍቶ ቀረ። የጠላት ንጉሥ ከራሱ ወታደሮች ጀርባ ተወትፎ ብቻውን ቀርቷል፤ የእኔ ግንብ ወደዚያ መስመር ከገባ አለቀለት፣ ማት ነው። ተራው ደግሞ የኔ ነው።

«አባዬ» አልኩት። «አብልተህ በላህ እኮ።»

አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት፤ ደስታ አይመስልም ነበር። ማውሱን ያዝኩ። ግንቡን ልነካ ስል ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

«መብራት ሄደ» አለ አባቴ። «ወይ ይሄ መብራት።»

ማልቀስ ቃጣኝ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማሁ። ከጎናችን ወፍጮ ቤት አለ፤ መብራት ካለ ግድግዳችን እስኪንቀጠቀጥ ያጓራል፣ መብራት ከሄደ ባለቤቱ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። አሁን እያጓራ ነው።

«ወፍጮው ይሠራል እኮ» አልኩ።

«በናፍጣ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ። የኮምፒውተሩ ገመድ የተሰካበት ዲቫይደር ወለሉ ላይ ነው፤ ቀይ ማጥፊያ አለው። ማጥፊያው ላይ፣ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሎ፣ የአባቴ አውራ ጣት ተቀምጧል።

«ቼዝ ትችላለህ» አልኩት እዚያው ሥር ሆኜ።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ሳትወለጂ። ሾፌሮቹ ናቸው ያስተማሩኝ። ይቺን ግንብ ግን አላየኋትም፤ ጉድ ሠራችኝ።»

ያ ሁሉ ንግሥት፣ ያ ሁሉ ፈረስ ለካ በዕውቀት ነው ያለቀው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ያን ቀን ስፈልግሽ ነው የዋልኩት» አለ። ድምፁ ከላይ ይመጣል፣ እኔ የማየው እግሩን ብቻ ነው። «መኪና ላይ የተጫኑ ልጆች አየሁ። የሁሉንም ፊት ዞሬ አየሁ። ልጁ የጠፋችበት ሰው ላግኛት ብሎ ነው የሚለምነው አይደል? እኔ እንዳላገኝሽ እየለመንኩ ነበር የምፈልግሽ።»

መናደድ ፈልጌ ነበር፤ በቂ ምክንያትም ነበረኝ። ግን አልመጣልኝም። አባቴን ምን ያህል እንደምወደው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ፣ የተቀደደ ካልሲውን እያየሁ ገባኝ። ጣቱን በእጄ አነሳሁና ማጥፊያውን መልሼ አበራሁት። ጨዋታው ጠፍቷል፤ ኮምፒውተሩ ገና ከእንቅልፉ እየተነሳ ያቃስታል።

በሩ ተንኳኳ። ጓደኛዬ ናት፤ ለሩጫ እንዲመቻት ስኒከር አድርጋ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠፍንጋ አስራለች።

«አሸነፋችሁ?»

አባቴን ዞሬ አየሁት። እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እኔን ያየኛል።

«አንድ እርምጃ ሲቀረን መብራት ሄደብን» አልኳት። «አሁን መጣ። ግቢና አግዢን፤ ሦስት ከሆንን እናሸንፈዋለን። ከዚያ አብረን እንሄዳለን።»

ወደ አስፋልቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «አንድ ጨዋታ ብቻ» አለችና ገባች።

«አካም ጂርቱ» ብላ አባቴን ሰላም አለችው።

«ኮቱ፣ ሴኒ፣ ነይ ግቢ» አለ አባቴ፤ ሦስተኛ ወንበር ሊያመጣ ሲነሳ እንደ ወጣት ፈጠነ።

አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። ጓደኛዬ ቼዝ ትችላለች። ክበባችን ደጃፍ ደርሳ አታውቅም፣ ታላቅ ወንድሟ ቤት ውስጥ አስተምሯት ኖሯል። ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዱን ወታደር ገፋች፣ ሌላውን ገፋች፤ ኮምፒውተሩ ወደ ጥግ መሸሽ ጀመረ። እኔ ፈረሴን ሰጠሁት። እሷ መልሳ አጠበበችው። አባቴ ንግሥቲቱን ሰጠው።

«እናንተ ሰዎች ከማን ጋር ናችሁ?» አለች።

«ላበላው ነው» አለ አባቴ።

«ዳማ ላይ እንደዚያ ነው» አልኩ እኔ።

ያን ጊዜ ከአስፋልቱ በኩል፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተበተነ የሚመስል ድምፅ መጣ። ሦስታችንም ሰማነው። ጓደኛዬ ብድግ አለች። ወዲያው ቁጭ አለች፤ መጀመሪያ ይሄን ልጨርሰው አለች። ቶሎ ቶሎ መጫወት ጀመረች። እኔ የቀረኝን ሁሉ አስበላሁ፣ አባቴ የቀረውን ሁሉ አስበላ፤ እሷ ግን በሁለት ወታደርና በአንድ ግንብ ብቻዋን ኮምፒውተሩን አነቀችው። ድምፁ ደገመ፤ አሁን ቀረብ ብሏል።

«ማት» አለችና ማውሱን ያዘች። «ይቺን ልጫወትና እንሮጣለን።»

እግሬን በጠረጴዛው ሥር ቀስ ብዬ ዘረጋሁ። ዲቫይደሩን በዳበሳ ፈልጌ አገኘሁት። ማጥፊያው ላይ የአባቴ አውራ ጣት ቀድሞኝ ደርሷል። ከላዩ ተጫንኩት።

«መብራት ሄደ» አልን እኔና አባቴ እኩል።

ጓደኛዬ ጥቁሩን ስክሪን አየች። አንገቷን ወደ ግድግዳው አዘንብላ አዳመጠች።

«ወፍጮው ግን ይሠራል እኮ» አለች።

«በናፍጣ ነው» አልኳት፤ እግሬን ከአባቴ እግር ላይ አላነሳሁም።