የመክበሳው ግድግዳና የአባዬ ሚርፔሴት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ገና ምሳ ሳይደርስ ተጮኸብኝ። ቦታው ኔታንያ፣ የሆቴልና የሆስፒታል ልብስ የሚታጠብበት ትልቅ መክበሳ ነው። ከአዲስ አበባ ከመጣን ብዙም አልቆየን፤ ዕብራይስጤ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

ቤቱን ለሁለት የሚከፍል ግድግዳ አለ። ማሽኖቹ ግድግዳው ውስጥ ተቀብረው ሁለት ሁለት በር አላቸው። በዚህ በኩል ቆሻሻው ይገባል፣ በዚያ በኩል የታጠበው ይወጣል። በቆሻሻው ወገን ለዪና ማሽን ጫኝ ይሠራሉ። በንጹሑ ወገን አንሶላ የሚተኩሱና የሚያጥፉ ሴቶች አሉ። እኔ ለዪ ሆንኩ፤ ከሁሉ የታችኛው ሥራ ነው። ጓንት አጥልቄ ፎጣውን ለብቻ፣ አንሶላውን ለብቻ፣ ደም የነካውን ለብቻ እጥላለሁ።

ግድግዳው ላይ ሰፋ ያለ መስታወት አለ። በዚያ በኩል አንድ ክምር አንሶላ ሲናድ አየሁና ሮጬ በጎን በር ገባሁ። የወደቀ አይቶ ዝም የሚል ሰው አለ እንዴ! ገና ማንሳት ስጀምር አለቃችን ዣኔት ደረሰች። ከሞሮኮ የመጣች ናት፤ ድምፅዋ የማሽኑን ጩኸት ያስንቃል። ክምሩን ከእጄ ነጥቃ እንዳለ ወደ ቆሻሻው ጋሪ ወረወረችው።

ቆሽቴ አረረ። ጥቁር ብሆን ተጸየፈችኝ አልኩ። ቤት ገብቼ እራት አልበላም አልኩ፤ አባዬ ለምኖ አበላኝ።

በማግስቱ ላሪሳ የምትባል፣ እንደኔው አዲስ ለዪ የሆነች፣ እንደ ወተት የነጣች ሩሲያዊት ያንኑ ሠራች፤ ያንኑ ጩኸት ጠጣች። ልቤ ተመለሰ። ዣኔትም በእጇ እያሳየች አስረዳችን። ከቆሻሻው ወደ ንጹሑ የሚሻገር ሰው ጋውን ይለውጣል፣ እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፤ ማንም ይሁን ማን። «አንሶላው ላይ የሚተኛው በሽተኛ ነው» አለች።

ላሪሳን ንጹሑ ወገን አደረጓት። እኔና እሷ በመስታወቱ አሻግረን ቀን ሙሉ በምልክት እናወራ ጀመር። የልጆቿን ቁመት በእጇ ታሳየኛለች፤ እኔም ዣኔት ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን እያስመሰልኩ አስቃታለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ። ከዚያ አባዬ አንገቱ ሥር እብጠት አወጣ። ሮፌው፣ ሐኪሙ ማለቴ ነው፣ ነቀርሳ ነው አለን። በደም ሥር የሚገባ ብርቱ መድኃኒት በየጥቂት ሳምንቱ መውሰድ አለበት፤ ሳያቋርጥ ከወሰደ ይድናል፣ ካቋረጠ ግን ተስፋ የለውም አለ። እናቴ በሕይወት የለችም። ያለኝ እሱና ወንድሜ አበጀ ናቸው። ቀልቤ ተገፈፈ።

ዣኔት ነገሩን ስትሰማ «መቼ መቼ ነው የምትሄዱት?» ብላ የሥራ ተራዬን ለዋወጠችልኝ። አመሰግናለሁ ስላት «ሂጂ ወደ ሥራሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። አበጀ በአውቶቡስ ሆስፒታል ያደርሰዋል፣ እኔ እመልሰዋለሁ። በሰፈራችን በኪርያት ኖርዳው የእኛ ሕንፃ ሴቶች ተራ ገብተው ሾርባና አጥሚት ይሠሩ ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ እኔ ምድጃ አጠገብ የደረስኩት ከስንት አንዴ ነው።

የመጀመሪያውን መድኃኒት ወስዶ እንደተመለሰ አገሩ በሙሉ ሊጠይቀው መጣ። በእኛ ዘንድ የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው። ሽማግሌው ትከሻውን ይስማል፣ ሴቱ ጉንጩን ያገላብጣል፣ ከደረጃው እስከ ጓዳው ሰው ነው። አባዬ ደስ ብሎት እንደ ሙሽራ መሀል ተቀምጧል። በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው፤ ሆስፒታል ተኛ።

ሮፌው ተቆጣ። «መድኃኒቱ ደሙን ያደክመዋል። የሌላው ጉንፋን እሱን ይገድለዋል። ቤት ሲመለስ ጠያቂ አይግባ» አለን።

ስለዚህ በሩን ዘጋሁ። የመጣውን ሁሉ ደረጃ ላይ እመልሳለሁ። ወይ ጉድ፣ ያኔ የሰማሁት ስድብ! «ትርንጎ አባቷን ቆለፈችበት» ተባልኩ። እሱስ ይባል። ያስጨነቀኝ አባዬ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል፣ ሾርባው ሳይነካ ይቀዘቅዛል።

ሁለተኛው መድኃኒት ሲደርስ «አልሄድም» አለ።

«ምነዋ አባዬ?»

«ሰው የሸሸኝ ቆማጣ ነኝ? ጠያቂ የሌለው ሰው ለማን ብሎ ይድናል? በቃኝ።»

«ሮፌው እኮ ነው የከለከለ!»

«ሮፌ የሰው ደጅ ይዘጋል እንዴ?»

«በሰንበት ይዤሃለሁ አባዬ!» ብለው፣ አበጀ ቢለምነው፣ ወይ ፍንክች። ቀጠሮው የቀረው ሁለት አዳር ነው።

ጠዋት ሥራ ገብቼ አንሶላ እየለየሁ እንባዬ ይወርዳል። ላሪሳ በመስታወቱ አየችኝ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጢም እየሳለች አባትሽስ አለችኝ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ። ጥቂት አሰበችና ጉንጯን ነፍታ፣ ዓይኗን አፍጣ፣ ዣኔትን ሆነች። በዚያ ጭንቅ መሀል ሳቄ መጣ።

እየሳቅሁ ሳለ አንድ ነገር ታየኝ። ይቺ ሴት በሥራ ሰዓት አንድ ቀን እንኳ እጄን ሳትነካው ስንት ዓመት አጫወተችኝ! ግድግዳው ቆሻሻውን ይከለክላል እንጂ ሰው አይከለክልም።

ከሥራ እንደወጣሁ ራማት የዲዲም ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩ፤ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ አያ ፈረደ ቤት። እሳቸውም ከደረጃው ከመለስኳቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። አኩርፈው ነበር፤ ተቀመጪም አላሉኝም። ቆሜ ሮፌው ለምን እንደከለከለ፣ የመክበሳውን ግድግዳ፣ ማሽኑን፣ መስታወቱን ሁሉ አስረዳኋቸው።

አያ ፈረደ ጭናቸውን መቱ። «አንቺ ልጅ! ይኼማ የኛው አትንኩኝ አይደለም?»

እውነታቸውን ነው። ያኔ ልጅ ብሆንም አስታውሰዋለሁ። አዲስ አበባ ሳንገባ፣ ጎንደር ሳለን፣ እኛ አይሁዶች ከመንደራችን ውጪ ካለ ሰው ጋር አንነካካም። ገበያ ውሎ የተመለሰ ሰው ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ሳያጥብ መንደር አይገባም፤ ጀምበር እስክትጠልቅ ደጅ ይቆያል። አባዬ አንጥረኛ ነበር። ማረሻ የሚያሠራው ባላገር ብረቱን ደጃፋችን ካለው ድንጋይ ላይ አኑሮ ራቅ ይላል፤ አባዬ ከድንጋዩ ያነሳዋል። እንዲያም ሆኖ ስንቱን ወሬ ተራርቀው ያወሩ ነበር። ጠብ የለም፣ ቅያሜም የለም፤ ሥርዓት ነው።

«ይኼን ቀድመሽ ብትነግሪን ማን ያኮርፍሽ ነበር?» አሉኝ። ከዚያም ዱላቸውን አንስተው ከቤት ቤት ዞሩ።

ጀምበር ልታዘቀዝቅ ስትል አባዬን ጋቢውን አልብሼ ሚርፔሴቱ ላይ፣ ሰገነታችን ላይ፣ ወንበር ሰጠሁት። ሁለተኛ ፎቅ ነን። ከታች ሣሩ ላይ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ልጁ ቆሟል። የሚያስለውን ሰው አያ ፈረደ ከኋላ፣ ዛፎቹ ጋ አቁመውታል።

አባዬ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ምን ሆነው ነው ከደጅ የቆሙ?»

አያ ፈረደ ከታች ጮኹ፤ «አንተ አንጥረኛ! ከገበያ ስመለስ ውሃ ሳትነካ አትገባም ብለህ ወንዝ ዳር ያስመሸኸኝ ሰውዬ! ዛሬ ተራህ ደረሰ። አትንኩኝ ማለት አንተ ብቻ ታውቃለህ?»

አባዬ ሳቀ። ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ያን ጊዜ እኮ ታጥቤያለሁ ብለህ ዋሽተኸኝ ነው!» አለ።

«አሁን ግን ከነሳሙናዬ ነው የመጣሁ!»

ሣሩ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ሰላምታው ቀጠለ። እንዴት ዋልክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ነህ፣ እግዚአብሔር ይማርህ፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ከማዶ ፎቅ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ብቅ ብላ ሰላማዊ ሰልፍ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አበጀ «የበሽተኛ ጥየቃ ነው» ሲላት እሷም ለአባዬ እጇን አውለበለበችለት።

ሰው ሲበተን አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ነገ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ወጥ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ የደስታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን እንደ መክበሳው ሆነ። ምግቡን ሴቶቹ ደጅ ባለው ወንበር ላይ ያኖራሉ፣ እኔ እጄን ታጥቤ አነሳዋለሁ። እኔና አበጀ ከውጪ ስንገባ በር ላይ ልብስ እንለውጣለን፤ ጋውኑን የሰጠችን ዣኔት ናት። ማምሻውን ጠያቂ ሣሩ ላይ ይቆማል። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላ ይዘው ይመጣሉ። አባዬ ፀጉሩ ረገፈ፣ ከሳ፣ ሲያስመልሰው ያድራል። ግን አንድም መድኃኒት አላጎደለም።

ሲጨርስ ሮፌው መረመረውና በሽታው የለም፣ በሩን ክፈቱ አለን። የመጀመሪያው ገቢ አያ ፈረደ ነበሩ። ማንም ሳይነግራቸው ቀጥ ብለው ወደ ቧንቧው ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ከዚያም አባዬ ዘንድ መጥተው አቀፉት። ሁለቱም ቶሎ አልተላቀቁም።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረ፤ የአበጀን ሠርግ አይቷል። እኔም በመጨረሻ በዣኔት ቦታ ተተካሁ። ድምፄ ግን እንደሷ አልሆን አለ።

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ መጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥዬ መስታወቱን አሳየው ነበር። እናንተም ሳትታጠቡ አትሻገሩ። መሻገር ካልተፈቀደላችሁ ደግሞ የታመመው ሰው የሚያያችሁ ቦታ ላይ ቁሙ።