ቢላ ያልነካው ቆዳ

ሚያዝያ አሥራ ሰባት ነበር፣ ሁለት ሺህ አሥራ አራት። ወይስ ሚያዝያ ዘጠኝ፣ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት? ወንዳፍራሽ እስከ ዛሬ እርግጡን አያውቅም። የፋሲካ ማግስት ሰኞ እንደነበረ አይጠራጠርም። ቆዳ ሰብሳቢው ጋሽ ሐምዱ ጾመኛ እንደነበሩም ያስታውሳል፤ ግን በሁለቱም ዓመት ፋሲካ ረመዳን ውስጥ ስለዋለ ይህ አይረዳውም። ዓመቱ ቢጠፋበትም ሽታው አልጠፋበትም። ዛሬም በግ ሲታረድ ጉሮሮው ላይ ይመጣበታል።

ከገፈርሳ በታች፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የቆርቆሮ አጥር በሚጀምርበት የቡራዩ ሰፈራቸው፣ ቧንቧው በዓል በመጣ ቁጥር ይደርቃል። ያኔ ሰዉ ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ቁልቁል ወደ ምንጩ ይወርዳል። በዚያ ሰኞ ጠዋት የወረዱት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ተመለሱ። አንድ ነጭ ማዳበሪያ ምንጩ ዓይን ላይ ተጥሎ ፈንድቷል። ፈርሱ ውሃውን አረንጓዴ አተላ አስመስሎታል። አንጀቱ በድንጋዮቹ መካከል ተጠማዞ ይንሳፈፋል፤ ሞራው ረግቶ ያብለጨልጫል። ዝንቡ ሰው ሲቀርበው እንኳን አይነሳም፤ ጠግቧል።

የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የሺወርቅ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናት፤ ጩኸት ለምዳ ያደገች ስለሆነች ዝግ ብላ መናገር አታውቅም። ጸሐፊው ወንዳፍራሽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ በመሆኑ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይገፋል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ሁለቱም ብዙ አልደከሙም። ዘበኛው ጉታ በበዓሉ ጠዋት ለሦስት ቤት በግ አርዷል፤ ሆድ ዕቃውንና ቆዳውንም «እኔ እቀብረዋለሁ» ብሎ ወስዷል።

«የሦስቱንም ቀብሬያለሁ» አለ ጉታ። «ጉድጓዱን ኑና እዩ።»

«የቀበርከውን ማን ጠየቀህ?» አለች የሺወርቅ። «ያልቀበርከው ነው የሸተተን።»

«ዋቃዮ ይወቀው። እኔም ከዚሁ ምንጭ ነው የምጠጣው።»

«እንግዲያ ዛሬ ጠጣዋ።»

ጉታ ከሚስቱና ገና አርባ ቀን ካልሞላው ሕፃኑ ጋር የሚኖረው በመንገዱ አፍ ላይ በተሠራች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክፍሏ የኮሚቴው ናት። ወንዳፍራሽ ደብዳቤውን ምንጩ አጠገብ ባለው የሰይዳ ሱቅ መስኮት ላይ ተደግፎ ጻፈው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከጥበቃ ሥራዎ የተሰናበቱ መሆኑን፣ ክፍሉንም እስከ ቀትር እንዲለቁ። ደብዳቤ ላይ ሁሉም ሰው አንቱ ነው። ሲጽፍ የጉታን ቦቲ ጫማ አየ፤ ጭቃና የደረቀ ደም ለብሷል። ተጸየፈው። ንጹሕ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ምን ያደርጋል ብሎ አሰበ። ይህን ማሰቡ ነው ዛሬ ከሽታው ይልቅ የሚያቅለሸልሸው።

«ማኅተሙን ሳትመታ ቆይ እስቲ» አለች ሰይዳ በመስኮቱ። «ጋሽ ሐምዱ እዚህ ደጄ ላይ ተቀምጠዋል። ማዳበሪያው ውስጥ ቆዳ ካለ የማን እንደሆነ እሳቸው ያውቁታል።»

ጋሽ ሐምዱ አርባ ዓመት ቆዳ ሰብስበዋል። ሰው በዓሉን ሲበላ እሳቸው ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ጆንያ ተሸክመው «ቆዳ ያለው» እያሉ ይዞራሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ነገር ግን የየቤቱን ቢላ ከነባለቤቱ ያውቃሉ። በአንድ የገና በዓል ሱሉልታ ውስጥ የታሰረ ሙክት በዋዜማው ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሐምዱ የሰበሰቡትን ሲለዩ ከሙክቱ ጆሮ ጀርባ የነበረውን የእሳት ጠባሳ አገኙ፤ ባለንብረቱን እየመሩ ወስደው የገዛ አማቹ በር ላይ አቆሙት። ሰበታ ደግሞ አንድ ምግብ ቤት ለእንቁጣጣሽ «ጠቦት» ብሎ ሲሸጥ የዋለው ያረጀች ፍየል እንደነበረች ቆዳዋን በጣታቸው ዳብሰው ተናገሩ። «የበዓል ፖሊስ» ይሏቸዋል። አሁን ቆዳ የሚገዛ የለም፤ በየቦዩ ውሻ ይጎትተዋል። እሳቸው ግን በበዓል ማግስት ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መምጣታቸውን አልተዉም።

«አካም ቡልቴ፣ ጉታ» አሉ እየወረዱ። «ዛሬስ ፊትህ አንተ እንደምትገፈው ቆዳ ሆኗል።»

ጉታ ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልቻለም።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ። ምራቃቸውን ወደ ጎን ተፉ። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ማዳበሪያው ውስጥ ሰደዱና እየጎተቱ አወጡት፤ የራሰ፣ ያበጠ፣ ጸጉሩ በእጅ የሚለቅ ቆዳ። ከኋላ የቆመች ሴት ፊቷን አዞረች። ጋሽ ሐምዱ አለቅልቀው ድንጋይ ላይ ዘረጉት፤ ከአንገት እስከ ጭራ ዳበሱት፤ ብብቱ ላይ ሲደርሱ ቆዩ።

«የጉታ ቢላ ቆዳ ላይ ደብዳቤ ነው የሚጽፈው» አሉ። «አንድ ጊዜ የገፈፈውን ገዝቼ ወንፊት ብለው መለሱብኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ጉታም ሳቀ፤ ሲሰደብ የዳነ ሰው ሳቅ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌው ቆዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፀሐይ አነሡት። አንድም የብርሃን ነጥብ አላለፈም።

ወንዳፍራሽ ያንን አነሣስ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ በየበዓሉ፣ በአባቱ ግቢ፣ እኚሁ ሰው ቆዳ እንዲህ ወደ ፀሐይ ያነሡ ነበር። አባቱ በጡጫ እንጂ በቢላ አይገፉም። «ቢላ ለአንገት ነው፤ ቆዳ የሚለቀቀው በእጅ ነው» እያሉ ጡጫውን የት ማስገባት እንዳለበት ክንዱን ይዘው አሳይተውታል። ሐምዱም «ፀሐይ የማይገባበት ቤት» ብለው ያመሰግኗቸው ነበር። አባቱ ከሞቱ በኋላ በዚህ ሰፈር በጡጫ የሚገፍ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ያ ሰው ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ የጣቶቹ አንጓ ከትናንት ጀምሮ ተልጦ ነበር።

ትናንት ከሰዓት ወንዳፍራሽ የአህያ ጋሪ የያዘ ሰው በሩ ላይ አስቁሞ ማዳበሪያውን አስጭኖታል። «የት ልጣለው?» አለ ሰውየው። «አንተ ታውቃለህ» አለና ሽታው እንዳይገባበት በሩን ዘጋ።

«የጉታ አይደለም» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«የማን ነው ታዲያ?» አለች የሺወርቅ።

«እኔ የማውቀው ቆዳ ነው። ሰውየው ራሱን ያውቃል።»

«እንዲህማ አይሆንም፣ ጋሽ ሐምዱ። ስም ካልተጠራ ነገ ሁሉም እዚህ ይጥላል። ስም ከሌለ ጉታ ይሂድ። ወንዳፍራሽ፣ ማኅተሙን ምታ።»

ሽማግሌው ቆዳውን ድንጋዩ ላይ መልሰው አነጠፉት። ዓይናቸው አንዴ ብቻ ወንዳፍራሽ ኪስ ላይ አርፎ ተነሣ፤ ወይም ለወንዳፍራሽ እንዲያ መሰለው። ከመንገዱ አፍ የጉታ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ወንዳፍራሽ ማኅተሙን በግራ እጁ ይዞ ቆመ። ዝም ቢል ነገሩ ያልፋል። ቀትር ሲሆን ቆርቆሮው ይፈርሳል፣ ማታ ውሃው ይጠራል፣ እሱም ከዚያው ውሃ ቀድቶ ይጠጣል። ይህ ሲታሰበው ከአንጀቱም ከፈርሱም የባሰ ነገር በአፉ ሞላ።

«የእኔ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«በጉ። የገፈፍኩት እኔ ነኝ። ለጋሪ ሰጠሁት፤ የት እንደሚጥለው አልጠየቅኩም።»

የሺወርቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝግ ብላ ተናገረች። «እኛው መሃል ቆመህ ነው ደብዳቤውን የጻፍከው?»

«አዎ።»

«እዩት እስቲ ይሄን የተማረ» አለችና ምራቋን ተፋች። ሰይዳ መስኮቷን ገርበብ አደረገችው።

ወንዳፍራሽ ደብዳቤውን ቀደደ። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ጉታ አካፋ አምጥቶ ዳር ላይ አስቀመጠለት እንጂ አልገባለትም፤ ቆሞ አየው። አንጀቱን ከድንጋዩ ሲፈታ እየተሙለጨለጨ ያመልጠዋል። ፈርሱ ጥፍሩ ውስጥ ገባ። ሁለት ጊዜ አስመለሰው፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

በሥራው መሃል አንድ ጥያቄ ያዘው። ባልናገር ኖሮ ሽማግሌው ስሜን ይጠሩት ነበር? ወይስ ለአባቴ ሲሉ ጉታ ሲባረር ዝም ሊሉ ነበር? ይህን ጋሽ ሐምዱን ራሳቸውን መጠየቅ እንዳለበት ተሰማው። ሥራው ግን መጀመሪያ ማለቅ ነበረበት፤ የመጨረሻውን አካፋ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ፣ አመድ ለምኖ እጁን አሽቶ ቀና አለ።

ድንጋዩ ላይ ቆዳው የለም።

«ጋሽ ሐምዱስ?»

«ሄዱ» አለ ጉታ። «ቆዳውን ጆንያ ውስጥ ጠቅልለው ሄዱ። ‹የሚገዛዎት የለም› ብላቸው ‹አውቃለሁ› አሉኝ።»

ወንዳፍራሽ በባዶ እግሩ ዳገቱን ሮጠ። አስፋልቱ ላይ ሲደርስ የአስኮ ታክሲ እየተነሣ ነበር። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ ጆንያውን ከወንበር ሥር በእግሩ ሲገፋ አየ፤ ከጎኑ በመስኮቱ የጋሽ ሐምዱ ነጭ ቆብ ታየ፤ ወደ ኋላ አልዞረም።