ላንብብልዎት ያልኳቸው ሰው

ትናንት ከጋዜጣው ቢሮ ተደወለልኝ። «ጽሑፍሽ ቅዳሜ ይወጣል፤ ቀልድ ዓምዱ ላይ» አለኝ አዘጋጁ። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም፤ ረዳቱ ደንግጦ «ምነው እናቴ፣ ሌባ ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። ወዲያው ግን ፊቴ ጋለ፤ ወደዚህ ዓምድ ያደረሰኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ልጀምር ስል። ክረምቱ ሊወጣ ነው፤ የአቃቂ በሰቃ መንገድ ገና ጭቃ ነው፣ በየጥጉ በቆሎ ይጠበሳል። ሙስጠፋ ታክሲ ተራው አጠገብ ጋዜጣ ያከራያል፤ ደንበኞቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ያነቡና ይመልሱለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም መጀመሪያ የሚገልጠው ቀልድ ዓምዱን ነው። ጸሐፊው በብዕር ስም ስለሚጽፍ እኔ መልኩን አላውቅም። በሐሳቤ ግን ሽቶ ሽቶ የሚሸት የቦሌ ጎረምሳ አድርጌ ስዬዋለሁ።

የዚያን ቀን አጠገቤ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ጋዜጣው ጉልበታቸው ላይ እንደታጠፈ የሰዉን ፊት ብቻ ያያሉ። ሲያሳዝኑ! ማንበብ አይችሉም ብዬ ደመደምኩ።

«አባባ፣ ላንብብልዎት?»

ጋዜጣውን እያቀበሉኝ «እስቲ ልጄ፣ አንብቢልኝ» አሉ።

ቀልድ ዓምዱን ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሳይጠራ ሠርግ ለሠርግ ስለሚዞር ሰውዬ ነበር። መሀል ላይ ሰለቸኝና ዘልዬ ከራሴ ጨመርኩ፤ ያልተጠራው ሰውዬ ሙሽራውን «አንተ ደግሞ በየት በኩል ነው ዘመድነትህ?» ብሎ አፋጠጠው። ድንጋዩ ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ።

«ይሄ እዚህ ላይ ተጽፏል?» አሉ ሽማግሌው።

«ተጽፏል እንጂ! ማንበብ ቢችሉ እኮ ያዩት ነበር። ደግሞ ዛሬ ይሻላል፤ ጸሐፊው ሰሞኑን ደርቆ ነበር።»

ሙስጠፋን የሚበላው በቆሎ ትን አለው። «አንቺ ልጅ፣ አበድሽ እንዴ! ጋሼ እኮ ናቸው የሚጽፉት! ሰዉ የቱ ጋ እንደሚስቅ ሊያዩ ነው የሚመጡት።»

ጋዜጣውን ጭናቸው ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አንድ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩም።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ስትልከኝ በአሮጌው ሐዲድ በኩል እዞር ጀመር። ጥርሴን ስቦርሽ እንኳ «ማንበብ ቢችሉ» ያልኩት ትዝ እያለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ደብተሬ ጀርባ ላይ ታሪክ መሞነጫጨሩንም እርግፍ አድርጌ ተውኩት። እኔን ብሎ ጸሐፊ!

የመስቀል ሰሞን ሙስጠፋ ቤታችን ድረስ መጣ። የታጠበ ጫማዬን በፌስታል ይዟል። «ጋሼ ናቸው የላኩልሽ። ሙሽራው ምን ብሎ መለሰ ብለውሻል። እሁድ የቀበሌው ቤተ መጻሕፍት መጥታ ትንገረኝ አሉ።»

ሄድኩ። ከጀማሪ ጸሐፊዎች ጋር ተቀምጠዋል። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «እሱን ተይው፤ ሙሽራው ምን አለ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «እንግዲያው እንዴት እንደሮጥሽ ጻፊልኝ።»

ስጽፈው ላብ አጠመቀኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንቴ ቀደድኩት። ቅዳሜ የሚወጣው እሱ ነው። ዛሬም ሳነበው አንገቴን እደፋለሁ፤ ግን የኔ ነው፣ ደስ ይለኛል!

ጋሼ አሁንም እሁድ ከሰዓት እዚያው ናቸው። ጓደኛ ካለሽ አምጪ ስላሉኝ እናንተን ጠርቻለሁ። ያፈራችሁበትን ነገር ይዛችሁ ኑ። በሩ ላይ ስትደርሱ ፈራ ፈራ ካላችሁ «ለማዳመጥ ብቻ ነው የመጣሁት» በሉ። እኔ ስንት እሁድ እንደዚያ እያልኩ ገብቻለሁ።