የአጥር ሽቦ

አውሮፕላኗ የወደቀችው በማርያም ቀን ስለበረረች ነው አሉ። ቄሱም፣ ሴቱም፣ ገበያተኛውም እንዲሁ አለ። ዛሬም ሲሉት ስሰማ ደሜ ይፈላል። እመቤታችን አውሮፕላን አታወርድም። ያወረዳት ሽቦ ነው፤ ሽቦውን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ከላሊበላ በታች ያለው የአውሮፕላን ሜዳ ጠባቂ ነበርኩ። ሜዳ ይባል እንጂ ድንጋዩ የተለቀመለት የግጦሽ መሬት ነው። ሥራዬ ከብት ማባረር ነበር። አንድ ቀን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ ጭራዋ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። አብሮ የመጣው መካኒክ፣ ጭራዋ ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዝዘውን ክፍል የያዘውን ቡሎን ለወጠ። ቡሎኑን ከጫፉ የሚያጠብቀው ዳዶ እንዳይፈታ የምታግደውን ቁራጭ ብረት ግን ይዞ አልመጣም።

"እስቲ ሽቦ ፈልግልኝ" አለኝ። ከአጥሩ ፈትቼ ሰጠሁት። ዝጎ ነበር። በብረቷ ቦታ አስገብቶ ጠመዘዘው።

"አይበጠስም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ለጊዜው ነው፤ ደሴ ስንደርስ በደንብ ይሠራል" አለ።

ለጊዜው! ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ያኔ ለጊዜው ያልሆነ ምን ነበር? መንግሥት ራሱ ጊዜያዊ ነኝ እያለ ነበር ዓመት በዓመት ላይ የሚደርበው።

በማግስቱ የማርያም ዕለት ነበር። አንዲት መምህርት ለስብሰባ ደሴ ትሄዳለችና ባዶው ወንበር ተሰጣት። የአጥቢያችን የገነተ ማርያም ልጅ ናት። እሷ በዓሉ ሲያልፍ በበቅሎ ልትሄድ ነበር፤ "ምን አንከራተተሽ፣ በሰማዩ ሂጂ" ያሏት እናቷ ናቸው። አውሮፕላኗ ተነሥታ ገደሉን ሳትሻገር አፍንጫዋን ደፋች። አብራሪውም፣ መካኒኩም፣ ልጅቱም አለቁ።

መርማሪዎች መጡ። ከስብርባሪው መሀል የተበጠሰችውን ሽቦ አንሥቼ አሳየኋቸው። አብሯቸው የነበረው የወረዳችን ካድሬ ጎትቶ ወደ ዳር ወሰደኝ። "ጥፋቱ የአብራሪው ነው። አንተ የከብት ዘበኛ፣ ስለ አውሮፕላን ምን ታውቃለህ?" አለኝ። በጻፈልኝ ቃል ላይ ፈረምኩ። ልጆች ነበሩኝ። ይህን ሰበብ ስደግመው ራሴን እጠላዋለሁ።

እናትየው ግን በዓሉን የሻርኩ፣ ልጄን የገደልኩ እኔ ነኝ ብለው ቤተ ክርስቲያን መግባት ተዉ። ክረምት ከበጋ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆመው ማስቀደስ ሆነ ኑሯቸው።

ድፍረት ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ ካድሬው ሲዛወር ነው፤ ድፍረት ከተባለ። ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሽቦውን ማን እንደሰጠም ጭምር። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር፤ አላለቀሱም። ስለ ሽቦውም ስለ መካኒኩም አንድም ነገር አልጠየቁኝም።

"ይህን ሁሉ ዘመን ተደጅ ቆሜ ስታየኝ፣ እያወቅህ ነው ስታልፈኝ የኖርኸው?" አሉኝ።

እያወቅሁ ነው። እሑድ እሑድ አጠገባቸው ስደርስ ጎንበስ ብዬ "እንዴት አደሩ፣ እማማ" እል ነበር። ከዚያ ገብቼ አስቀድስ ነበር።