የጋሽ አብዱልመጂድ ምሰሶ

አምባቸው የተወለደው ቆላ ድባ ነው፤ እንጀራው ግን ባሕር ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ነበር። የመፍተያ ማሽኖች መካኒክ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ጠላ ቤት የማይገባ ሰው ስለነበር የሥራ ጓደኞቹ «መነኩሴው» ይሉታል። መነኩሴው ከሥራ ሲወጣ የት እንደሚሄድ የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። የሚሄደው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ጋሽ አብዱልመጂድ የጀልባ መሥሪያ ዳስ ነበር፤ ካራቴ ሊሠራ።

ነገሩን ባሕር ዳር ያመጣው ዓምደ ሚካኤል ነው። በ1967 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ፣ ለመንገድ ሥራ ከመጣ ጃፓናዊ መሐንዲስ ጎጁ ርዩ የሚባለውን የካራቴ ስልት ተምሯል። ስሙ ጠንካራና ለስላሳ ማለት እንደሆነ፣ ከቻይና የወደብ ከተማ ተነሥቶ በመርከብ ኦኪናዋ ወደሚባል ደሴት እንደተሻገረ፣ ከዚያም ለጃፓን እንደተረፈ ሲያወራ፣ ጋሽ አብዱልመጂድ ሳንቃ እየላጉ ይሰሙት ነበር።

«ደሴት ነው አልህ?» አሉት አንድ ቀን።

«አዎ፣ ጋሼ። ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በጀልባ የሚነግዱ ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያማ የኛው ወገን ናቸው። ሥሩ። ብቻ ሳንቃዬን እንዳትረግጡብኝ።»

ዳሱ በግራና በቀኝ ተሠርተው ባላለቁ ጀልባዎች የተሞላ ነበር። ለሰው እግር የተረፈው መሐል ላይ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ነው፤ እዚያም ላይ ጣሪያውን የተሸከመች አንዲት ምሰሶ ቆማለች። ውጭ ወጥቶ መሥራት አይታሰብም። በዚያ ዘመን ወጣቶች ሜዳ ላይ ተሰልፈው ቡጢ ሲሰነዝሩ ቢታዩ፣ ማን እንዳሰለፋቸው የሚጠይቅ አይጠፋም።

ዓምደ ሚካኤል ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማራቸው ሳንቺን የተባለውን ካታ ነው። ካታ ሰው ብቻውን የሚሠራው፣ እያንዳንዱ እርምጃና ምት አስቀድሞ የተወሰነለት ውጊያ ነው። ሳንቺን ዝላይ የለውም፤ ርግጫም የለውም። እግር ከመሬት ሳይነሣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጡጫ በዝግታ ይወጣል፤ ትንፋሽ ከሆድ ተስቦ በድምፅ ይለቀቃል። አስተማሪው እየዞረ የተማሪውን ትከሻና ጭን በመዳፉ ይመታል። የላላ ነገር ካለ ያኔ ይታወቃል።

«አንተ፣ ሰው ነው ወናፍ የምታሠለጥነው?» ይሉ ነበር ጋሽ አብዱልመጂድ ትንፋሹን ሲሰሙ።

በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ዓምደ ሚካኤል ዘመተ። ሲሰናበት አምባቸውን ወደ ጎን ወስዶ፣ «ሌላው ካታ ቢጠፋችሁ ግድ የለም፣ ይተካል። ሳንቺንን ግን እንዳትለውጣት» አለው። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

አምባቸው ቃሉን ጠበቀ። እሱ የተማረውን እንደተማረ አስተማረ። ዓመታት አለፉ፤ ጊዜውም ትንሽ ረገብ አለ፤ የቀበሌው ወጣት ማኅበር አዳራሹን ፈቀደላቸው። ተማሪው በዛ። በ1976 ግን የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ «አስተማሪው ማስረጃ አለው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። አልነበረውም። እስከ ሰኔ ካላመጣ አዳራሹ እንደሚዘጋ ተነገረው።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ አለበል የተባለ ፈታኝ ተጠራ። አለበል የአስተማሪነት ምልክት የሆነው ጥቁር ቀበቶ ያለው፣ ከዓምደ ሚካኤል ጋር ከዚያው መሐንዲስ የተማረ ሰው ነው። ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ ጧት፣ አዳራሹ ፊት ለፊት ወንበር ተደርጎለት ተቀመጠ። አምባቸው ከፊት ቆመ፤ ተማሪዎቹ ከኋላው ተሰለፉ። ከነሱ መሐል የጋሽ አብዱልመጂድ ልጅ መስዑድ አለ። አባትየውም ልጃቸውን ሊያዩ መጥተው በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

ሳንቺን ተጀመረ። አንድ ጊዜ ተንሸራተቱ፤ ደገሙ። በሦስተኛው የሁሉም ቀኝ እግር ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ የሁሉም ግራ ትከሻ ሰብሰብ አለ፤ ሁሉም ባንድነት ወደ መስመራቸው ተመለሱ።

አለበል እጁን አነሣ። «ቁሙ። ይህ ምንድን ነው?»

«ማምለጫው ነው» አለ አምባቸው። «ከፊት በዱላ ሲመጡብዎት ከመስመር ወጥተው ይመለሳሉ።»

«ማነው ያስተማረህ?»

«ዓምደ ሚካኤል።»

«ከዓምዴ ጋር ጎን ለጎን ቆመን ነው የተማርነው። ሳንቺን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ይህን ከራሱ ጨምሮ ነው የሸጠላችሁ?»

የአምባቸው ፊት ጋለ። የማስረጃውና የቀበቶው ነገር ብቻ ቢሆን በቻለው። የዱላውን ትርጉም ያበጀው እሱ ራሱ ነው፤ ተማሪዎች እየደጋገሙ ስለጠየቁት። እርምጃውን ግን ከዓምደ ሚካኤል እግር ላይ ነው ያየው፤ ይህን ደግሞ ይምልበታል።

ከበሩ በኩል ሣቅ ተሰማ።

«ይቺማ ምሰሶዬ ናት!» አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ።

«አባ!» አለ መስዑድ በሐፍረት።

«ምን አባ ትለኛለህ? ስትዞሯት ስንት ዘመን አየሁ! እኔ ዳሴን የለቀቃችሁልኝ መስሎኝ፣ ለካ ምሰሶዬን ተሸክማችሁ ነው የመጣችሁ!»

ሰልፉ በሣቅ ፈረሰ። አለበል አልሣቀም።

«ነገ ከቅዳሴ መልስ ቀጥ አድርገህ አሳየኝ» አለው አምባቸውን። «ካልሆነ አልፈርምም። አንተ ያጠመምኸውን እነዚህ ለሌላ ያስተላልፉታል።»

ከሰዓት በኋላ አምባቸው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ሞከረ። ልቡ ትንፋሹ ላይ ሲሆን እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲጠብቅ ትንፋሹ ይቆረጣል።

«ወጣህ፣ ጋሼ» ይላል መስዑድ ከጎን። «አሁንም ወጣህ።»

«አየሁ! ዝም በል!»

በመጨረሻ ጋሽ አብዱልመጂድ ብቅ አሉና፣ «ከሌለች ምሰሶ ጋር ስትታገል ሊመሽብህ ነው። ተነሥ፣ ካለችው ጋር ተፋታ» አሉት።

ዳሱ ሲደርሱ መስዑድና አባቱ ጀልባ ሲጠግኑ የሚደግፉበትን ባላ አምጥተው፣ ጣሪያውን ከምሰሶዋ ግራና ቀኝ ደገፉት። ከዚያ ሥሯን ቆፍረው ምሰሶዋን ነቀሏት። ስትወጣ አምባቸው አያት። በትከሻ ከፍታ ላይ አንድ ጎኗ ጠቁሮ ይብለጨለጫል፤ የነሱ ላብና ትከሻ ያለሰለሰው ነው። ጋሽ አብዱልመጂድ ጉድጓዱን በአፈር ሞልተው በእግራቸው ጠቀጠቁት።

«ጣሪያው ቢወድቅስ፣ ጋሼ?» አለ አምባቸው።

«በራስህ ላይ ነው የሚወድቀው። ጠንካራ አይደለህ? ሂድ!»

አምባቸው በሩ ላይ ቆሞ ጀመረ። ቦታው ሲደርስ እግሩ ደረቀ። ዓይኑ ባዶውን እያየ፣ ትከሻው ግን እንጨቱን ይጠብቃል። ተመልሶ ጀመረ። ደግሞ ቆመ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ለቀቀና፣ በለስላሳው አፈር ላይ ተንሸራትቶ አለፈ።

«እንዴት ነበር?» አሉት ሽማግሌው።

«የተዘጋ መስሎኝ የገፋሁት በር ክፍት ሆኖ አገኘሁት።»

እሑድ ዕለት አዳራሹ ውስጥ አለበል እየዞረ የአምባቸውን ትከሻና ጭን መታ። የላላ አላገኘም። እግሩም ከመስመር አልወጣም። ማስረጃውን ፈርሞ ሰጠው፤ ቀበቶውን በገዛ እጁ አሰረለት። አምባቸው አመሰገነ፤ ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ዓምደ ሚካኤል ከራሱ ጨመረ የተባለው ነገር እንዳለ ነበር።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ። «ዳሱን ይዩልኝ።»

ሲደርሱ ምሰሶዋ ተመልሳ ተተክላ ነበር። አለበል ግራና ቀኝ ያሉትን ጀልባዎች አየ፤ መተላለፊያውን አየ። ጫማውን አወለቀ፤ በሩ ላይ ቆሞ ሳንቺንን ጀመረ። አንድ ጊዜ ተንሸራተተ፤ ደገመ። በሦስተኛው ቀኝ እግሩ ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ፤ ግራ ትከሻው ያችን የጠቆረች ቦታ ታክኮ አለፈ፤ ወደ መስመሩም ተመለሰ።

ካታውን ጨርሶ እጁን ምሰሶዋ ላይ አሳረፈ።

«ዓምዴ ምን ያድርግ?» አለ። «ሌላ ምን ሊያደርግ ይችል ኖሯል?»

«ምሰሶዬን ልንቀል ቢለኝማ ያኔ እኔ ካራቴ አሳየው ነበር» አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ ከመላጊያቸው ቀና ሳይሉ።

አምባቸው ጎንበስ ብሎ የአለበልን ጫማ አነሣ፤ የእንጨቱን ፍቅፋቂ አራግፎ አቀበለው።